ሦስት ቁጥር አትወጣም

ጥር 8

ለግድግዳ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጅሽ ደህና ናት? ያ አውቶቡስሽስ? ሳልጽፍልሽ ይህን ያህል መቆየቴን ይቅር በይኝ። አልታመምኩም። የጠየቅሽኝ ነገር ስላለ ነው የዘገየሁት፤ ዛሬም አልመልሰውም። «ለምን አትደውይም?» ላልሽው ግን መልስ አለኝ። ስልክ ላይ ሁለታችንም ጨዋ እንሆናለን፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ቻው። ወረቀት ላይ ትሳደቢያለሽ። ስድብሽ ናፍቆኛል።

አዎ፣ የሰማሽው ልክ ነው። ክለቡ ሊሸኘኝ ነው። ጫማዬን ከሰቀልኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ አሁን ትዝ አልኳቸው። የጠራኝ ሊቀመንበሩ ራሱ ነው። ቢሮው አዲስ ምንጣፍ ገብቶለታል። ጫማዬን ላውልቅ ወይስ ልተው እያልኩ በሩ ላይ ስቆም፣ «ግቢ እንጂ እህታችን፣ ቤትሽ አይደል እንዴ» አለኝ። ስጫወት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «አንቺ ሦስት ቁጥር» ነበር የሚለኝ።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ይደረጋል። እኔ በድሮ ቦታዬ፣ በግራ ተከላካይነት እጀምራለሁ። ሃያ ደቂቃ ከተጫወትኩ በኋላ ቁጥሬ በቅያሪ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። ሊቀመንበሩ አበባና ማይክሮፎን ይዞ መስመሩ ላይ ይጠብቀኛል። የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዴ ፈትቼ ለእሱ እሰጣለሁ፣ እሱ ይናገራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እኔ ከክብር እንግዶቹ መሀል ተቀምጬ የቀረውን አያለሁ። ጨርቁን ለተጫዋች እንጂ ለእሱ ለምን እንደምሰጥ ጠየቅኩት። «ምሳሌያዊ ነው» አለኝ።

ወንድሜ በደስታ ሰክሯል። ኳስ ስጫወት ባገኘኝ ቁጥር በቀበቶ ያሯሩጠኝ የነበረው ወንድሜ፣ አሁን ለሱፉ የሚስማማ ክራባት እየመረጠ ነው። «ዋናው ክብር ነው» ይለኛል። እኔም ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ቀኑን ሙሉ ከግቢ ግቢ እየዞርኩ የውኃ ቆጣሪ ነው የማነበው። «የውኃዋ መጣች፣ ውሻውን እሰሩ» ነው የምባለው። አንድ ቀን በስሜ ብጠራ ምን አለበት?

በሩን በደንብ ዘግተሽ ተኚ።
አምበልሽ


ጥር 20

ለአምበል፣

ስድብ ናፈቀኝ ካልሽ ያው፦ አህያ። ስለ ጉልበትሽ ነው የጠየቅኩሽ። ሌላ ሌላውን ሁሉ አውርተሽ እሱን ስትዘዪው መልሱን አወቅኩት። በቀን ስንት ፎቅ ደረጃ እንደምትወጪና እንደምትወርጂ አትንገሪኝ፤ ሐኪሙ ያለሽን ብቻ ንገሪኝ።

አበባውን ተቀበዪ። ለእኔ ምን ተሰጠኝ? ሆዴ ገፋ ብሎ የታየ ቀን የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ማሊያዬን ከመስቀያው አንስቶ ለሌላ ሰጠው። ሽኝቴ ይኸው ነበር። አንቺ ደግሞ ቡድኑን በሙሉ መልበሻ ክፍል ውስጥ አስቀምጠሽ፣ በረኛችን ካልተመለሰች ሜዳ አንገባም አልሽ። እኔ አልተመለስኩም፤ አንቺን አንድ ዓመት አገዱሽ። አድርጊልኝ አላልኩሽም ብዬሻለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ እግርሽ እሳት ነበር። ያ ዓመት ከየትም አይመጣም። እንግዲህ ጊዜው ዞሮ «ነይ እናክብርሽ» ካሉሽ ክራባት ያሰረውን ወንድምሽን አስከትለሽ ሂጂና ተከበሪ። ኩራት እራት ነው ይላሉ፤ እኔና አንቺን ግን ስንት ቀን ጦማችንን አሳድሮናል።

የክለቡ ጸሐፊ ለሽኝቱ በሚታተመው ትንሽ መጽሐፍ ላይ ስለ አንቺ ጥቂት ቃል ስጪን ብላ ጽፋልኝ ነበር። ሰጠኋት። ምን እንዳልኩ አልነግርሽም። እንደዚያ አሞግሼሽ ስለማላውቅ ስታነቢው ተቀምጠሽ ይሁን።

ልጄ ደህና ናት፤ ኳስ አትወድም፤ ተመስገን ነው። ተሳፋሪዎቼ በረኛ እንደነበርኩ አያውቁም። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ብርቱካኗ ከዘንቢሏ ሲያመልጣት በአንድ እጄ ቀለብኩላት። «ውይ» አለች። በዚህ ዓመት የደረሰኝ ጭብጨባ እሱ ነው።

ጉልበትሽን ጠይቄሻለሁ።
ግድግዳ


የካቲት 6

ለግድግዳ፣

ሰላምታውን ባሳጥረው አትቀየሚኝ፤ የምነግርሽ አለኝ።

መጽሐፏ ታትማ መጣች። ሽፋኗ ላይ እኔ ነኝ፤ አፌን ከፍቼ፣ አንቺ ላይ ስጮህ። ውስጧ ታሪኬ አለ። «ክለባችን ከልጅነቷ ኮትኩቶ አሳደጋት» ይላል። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ በወንድሜ ሰፊ ጫማ፣ ጫፉን በጨርቅ ወትፌ ስጫወት ማን እንደኮተኮተኝ አይልም። «በውጭ ሀገር ለሁለት ዓመት በሙያዋ ተጫውታለች» ይላል። ለመሄድ ስነሳ ከሃዲ ብለውኝ እንደነበር፣ እዚያም ቋንቋ ሳልችል፣ ሜዳ ላይ በጣት እየተጠቃቀስኩ ቋሚ ተሰላፊ መሆኔን አይልም። «ለአንድ ዓመት በግል ጉዳይ ከሜዳ ርቃ ነበር» ይላል። የግል ጉዳዬ አንቺ ነሽ። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸቱ ያልተጻፈው ነው።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ያንቺ ቃል በትልልቅ ፊደል ተቀምጧል፦ «እንደ እሷ ያለች ከእንግዲህ አትወጣም።» ሳነበው ፊቴ ጋለ። ለወንድሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

ትናንት አሰልጣኙ ቤቴ መጣ። ታውቂው የለ፣ ቁጭ በል ካላሉት የማይቀመጠው። ቁጭ በል አልኩት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያሽከረክር ቆየና፣ የሴቶቹ ቡድን በዚህ ዓመት መጨረሻ እንደሚዘጋ ነገረኝ። ቦርዱ ወስኗል። የሚነገረው በእኔ ሽኝት ላይ ነው፤ አበባውን እንደተቀበልኩ፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ። ምክንያቱ ምንድን ነው አልኩት። ሊቀመንበሩ በስብሰባው ላይ «ከእሷ በኋላ ተተኪ የለም፤ አንድ ዘመን ነው ያለፈው፤ በክብር እንዝጋው» አለ አሉ። ከዚያ ያንቺን ቃል አንብቦ «የገዛ በረኛዋ የመሰከረችው ነው» አላቸው። አንተስ ምን አልክ ብለው፣ «ምን እላለሁ እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ።

ልጆቹ አያውቁም። አሁን በእኔ ቦታ የምትጫወተውን ቁንጫ እንላታለን፤ መሬት አትነካም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግራ እግሯ እኔ በእሷ ዕድሜ ከነበረኝ ግራ እግር ይበልጣል። ቀኟ ዱላ ነው። ኳስ ከኋላዋ ሲመጣ ትሳሳታለች፤ ግን ይነገራታል፣ ትሰማለች። ተተኪ የለም የሚሉት እሷ በየቀኑ በቢሯቸው መስኮት ሥር እየሮጠች ነው።

አንቺን አልተቆጣሁም። ጻፊልኝ።
አምበል


የካቲት 16

ለአምበል፣

ደብዳቤሽን የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው ያነበብኩት። ተሳፋሪዎቹ «እንሂድ እንጂ» እስኪሉኝ ድረስ።

ሰው ሲቀበር የሚባለውን ነው ያልኩልሽ። በሕይወት እንዳለሽ ረስቼ። አንዴ እንኳ መልካም ቃል ከአፌ ቢወጣ ቡድን ዘጋ። ከእንግዲህ አላሞግስሽም፤ ብትሞቺም አላሞግስሽም።

ለጸሐፊዋ በዚያው ቀን ጻፍኩላት፤ ቃሌን አንሺልኝ፣ ለዚህ አልሰጠሁሽም ብዬ። በትሕትና መለሰችልኝ፤ ታትሟል፣ እናዝናለን።

አትሂጂ። ቤትሽ ቁጭ በዪ። አበባውን ባዶ ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ሊቀመንበሩ የሚያቅፈው ሰው ይጣ። ወንድምሽ ቢያኮርፍ ያኮርፍ፤ ክራባቱን ለሌላ ሰርግ ያደርገዋል።

ልጆቹን ደግሞ ንገሪያቸው። እኛን የጎዳን ሁልጊዜ ከሁሉ በኋላ መስማታችን ነው።
ግድግዳ


የካቲት 25

ለግድግዳ፣

ነገርኳቸው። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ልምምድ ጨርሰው ካልሲያቸውን ሲያወልቁ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዷ ተሳደበች፣ ሌሎቹ ካልሲያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ቁንጫ መጽሐፏን ከእጄ ወስዳ የመጨረሻውን ገጽ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እንደ አንቺ ያለች ከሌለች፣ እኔ ታዲያ ማነኝ?» አለችኝ።

ስለዚህ አልቀርም፤ እሄዳለሁ። ብቀር «ታማ ነው» ብለው ፎቶዬን ያቆሙና በፎቶዬ ፊት ይዘጉታል። ፎቶ እሺ ባይ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በጉዞ ላይ እኛ ስንዘፍን አንቺ የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ታነቢ ነበር፤ ዳኛ ልትሆኚ ነው እንዴ እያልን እንስቅብሽ ነበር። ቁጥሬ በሰሌዳው ላይ ወጥቶ እኔ ባልወጣ ምን ይሆናል? ዳኛዋ ደግሞ ማን እንደሆነች ብነግርሽ አታምኚም፤ ያቺ የወንዝ ማዶዎቹ አጥቂ፣ ጥርስሽን ያወለቀችው። አሁን ፀጉሯን አሳጥራ ፊሽካ ይዛለች።

ቶሎ መልሺልኝ።
አምበል


መጋቢት 4

ለአምበል፣

ሰላምታ የለኝም፣ ፖስታው እንዲደርስ ብቻ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የምትቀየረው ተጫዋች አልወጣም ካለች ጨዋታው ይቀጥላል። ካርድ የለውም፣ ቅጣት የለውም። ዳኛ እንኳ ልታስወጣሽ አትችልም፤ ሊቀመንበር ማን ስለሆነ።

ያቺን ሴትዮ አልወዳትም፤ ሕግ ግን ታውቃለች። ጥርሴን ያወለቀች ቀን እንኳ ኳሱ በእጄ አልነበረም፤ ሁለታችንም የመሻማት መብት ነበረን። አትፍሪያት።

በዕረፍት ሰዓት ተጠንቀቂ። መልበሻ ክፍል ከገባሽ ከበው በልመና ያስቀሩሻል፤ ወንድምሽን ይልኩብሻል፣ አሰልጣኙን ያስለቅሱብሻል። ሜዳውን አትልቀቂ። ውኃ እዚያው ጠጪ።

አሁን ደግሞ ስሚኝ። ሃያ ደቂቃ ሌላ ነው፣ ዘጠና ሌላ። የሐኪሙን ቃል እንዳልነገርሽኝ አልረሳሁም። ስትደብቂኝ ግማሹን ነግረሽኛል። አድርጊው አልልሽም፣ ተዪውም አልልሽም። በእኔ ጊዜም አልሰማሽኝም።
ግድግዳ


መጋቢት 19

ለግድግዳ፣

ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ በጀርባዬ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው። እግሬ ሁለት ትራስ ላይ ነው።

ወጣሽ ወይ ካልሽኝ፣ አልወጣሁም።

ሃያኛው ደቂቃ ላይ ቁጥሬ ወጣ። ቁንጫ ጃኬቷን አውልቃ መስመሩ ላይ ቆማለች። ሊቀመንበሩ አበባውን ታቅፎ ከጎኗ ነው። ፊቴን ወደ ሌላው ጎል አዞርኩ። ዳኛዋ መጣች፤ አላበዛችም፣ «ትወጫለሽ?» አለችኝ። «አልወጣም» አልኳት። ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ጨዋታው ይቀጥል አለች። ሰሌዳውን የያዘው ሰውዬ ግራ ገብቶት ደግሞ አነሳው። ቁንጫ ጃኬቷን መልሳ ለብሳ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ግን መቀመጥም መሄድም አልሆነለትም። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር «ምን እየሆነ ነው?» ያለው ለስታዲየሙ ሁሉ ተሰማ። ሕዝቡ ሳቀ። መጀመሪያ ስህተት መስሏቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ጥግ «ሦስት ቁጥር አትወጣም!» ማለት ጀመረ።

ዕረፍት ላይ እንዳልሽው ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹም ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ወንድሜን ላኩብኝ። ያን ሁሉ ሣር በሚያብረቀርቅ ጫማው አቋርጦ ሲመጣ ሳየው፣ «ቀበቶህን ይዘሃል?» አልኩት። «የያዝኩት ክራባት ነው» አለ። ሊያነጋግረኝ መጥቶ፣ ምን ሊዘጉ እንደሆነ ስነግረው ሄዶ ውኃ አመጣልን፤ ወደ ክብር ወንበሩ አልተመለሰም፣ ተጠባባቂዎቹ አጠገብ ተቀመጠ።

ጀግና አታድርጊኝ። ከዕረፍት በኋላ የገባብን ግብ የእኔ ጥፋት ነው፤ ያቺ ፈጣን ልጃቸው በጎኔ ስታልፍ ነፋሷን ብቻ ነው ያገኘሁት። የሚገርምሽ ግን አሰልጣኙ ነው። ማንም ሳያዘው ተነስቶ አንዷን አማካይ አስወጣና ቁንጫን ከፊቴ፣ በግራ ክንፍ አስገባት። ከዚያ በኋላ እኔ ቆሜ እጮሃለሁ፣ እሷ ትሮጣለች። አቻ ያደረገችንም እሷ ናት፤ በዚያ በዱላ እግሯ። አንድ ለአንድ ወጣን።

ፊሽካው እንደተነፋ ሊቀመንበሩ አበባውን ሊሰጠኝ መጣ። አበባውን ትቼ ማይክሮፎኑን ወሰድኩ። ያልኩት ይኸው ነው፦ «ቡድኑ ሊዘጋ ነው። ምክንያቱ እኔ ነኝ ተብሏል፤ ተተኪ የለም ተብሏል። ዛሬ ያያችሁት ማንን ነው? እኔ ምክንያት አልሆንም።» ከዚያ ድምፁን ቆረጡት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሐኪሙ በታኅሣሥ ነው የነገረኝ። በሁለቱ አጥንቶች መሀል የሚቀመጠው ነገር አልቋል፤ አንድ ሙሉ ጨዋታ ብጫወትበት ከዚያ በኋላ አልሮጥበትም። ልክ ነበር።

በስድብ ጀምሪ።
አምበል


ሚያዝያ 3

ለአምበል፣

አህያ። ደንቆሮ። በታኅሣሥ አውቀሽ።

ለልጄ እያነበብኩላት «ቀበቶህን ይዘሃል» ላይ ስደርስ ሁለታችንም ሳቅን። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ማንበብ አቆምኩ፤ «ቀጥዪ እንጂ» አለችኝ፣ አልቀጠልኩም። አንዴ ለእኔ ብለሽ አንድ ዓመት ጣልሽ። አሁን ለእነዚህ ብለሽ እግር። ምን ቀረሽ? ሌላ ቡድን ሊዘጋ ቢነሳ ምንሽን ልትሰጪ ነው?

ደግ አደረግሽ እንድልሽ አትጠብቂ። ቃሌ ምን እንደሚሠራ አይተሻል።

ብቻ ቦርዱ ምን አለ? ልጆቹስ? ሥራሽስ? በዚህ እግር ደረጃ አትወጪም። ሁሉንም ጻፊ፤ ያልጻፍሽው ነው የሚያስፈራኝ።
ግድግዳ


ጥቅምት 14

ለግድግዳ፣

ክረምቱን በአጫጭር ወረቀት ሳታልልሽ ከርሜያለሁና አሁን በደንብ ልንገርሽ። ላለፈው ይቅርታ፤ ያልጻፍኩት ያላለቀ ነገር ስለነበር ነው።

ቡድኑ አልተዘጋም። የቦርዱ ሰዎች አስበው አዝነው አይደለም፤ የክለቡ አባላት ስብሰባ ጠርተው አፋጠጧቸው። «ለአንድ ዓመት እናየዋለን» አሉ። አሰልጣኙን ግን ወደ ታዳጊ ወንዶች አዛወሩት፤ ያን ቅያሪ ማን እንዳዘዘው ጠይቀውት «ራሴ ነኝ» ብሏቸዋል አሉ። የልምምድ ሰዓታችንን ወደ ማለዳ ገፉት፣ ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት። በዚህ ሰዓት የሚያሠለጥን ሰው ካልተገኘ ያው ቡድኑ በራሱ ፈረሰ ማለት ነው ብለው ነበር። አሠልጣኝነቱን እኔ ያዝኩት። ሊቀመንበሩ ምንጣፉ ላይ ስገባ በምርኩዜ ጫፍ ያለውን ጭቃ ሲያይ ነበር፤ እህታችን አላለኝም።

ሥራዬን ጠይቀሽኛል። ደረጃው ቀርቶ ቢሮ አስገብተውኛል፤ ሌሎች ያነበቡትን ቆጣሪ እመዘግባለሁ። ምርኩዙ ለዝናብ ቀን ብቻ ነው። መሮጥ የለም። የምጽፍልሽ ስለሆነ እንጂ ለማንም አልነገርኩም፣ ልጆቹ ወደ ኳስ ሲሮጡ እግሬ አሁንም ወንበሩ ሥር ይነሳል።

ባለፈው ወር ሊቀመንበሩ ጸሐፊዋን ልኮ፣ መቼም አሁን መጫወት ስለማልችል ያ ሽኝት በሰላም ቢደረግ ምን ይመስለኛል አለኝ። አሠልጣኝ ሆኜ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይሸኝም ብላለች በዪው አልኳት። ጸሐፊዋ ሳቋን ይዛ ሄደች።

እሑድ የመጀመሪያ ጨዋታችን ነበር፤ ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር፣ አሁን ለነጥብ። ቁንጫን በቦታዬ አሰለፍኳት፤ ሦስት ቁጥርን ለብሳ። ኳስ ከኋላዋ መጣባት፣ ተሳሳተች፣ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውም በዚያው በእሷ በኩል ገባ። ከኋላዬ ከደጋፊዎቹ አንዱ፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ ሰውዬ፣ ይቺን ልጅ አውጪያት፣ ድሮ የነበረችው ሴትዮ የት ሄደች፣ እሷ ብትሆን ይህ አይደርስም ነበር እያለ ይጮሃል። አጠገቡ ያሉት እኔን እያዩ ዝም በል ይሉታል፤ አልገባውም። ልጅቷም ትሰማዋለች፤ መሬት መሬት ታያለች፣ ከዚያ ወደ እኔ። እንድቀይራት ዓይኗ ይለምነኛል። ረዳቴ ሰሌዳውን አንስታ «ላውጣት?» አለችኝ።

አስቀምጪው አልኳት። ወደ ሰውዬው ዞርኩና፣

«ሴትዮዋ እዚህ ናት። ያቺ ልጅ ደግሞ አትወጣም» አልኩት።

ቁንጫ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ በእሷ በኩል አላለፉም፤ ግን ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ማክሰኞ ልምምድ አለን።
አምበል